ቁና ቁና መተንፈስ፦ የቡስማንስጋት ዋሻ አደጋ የጉዳይ ጥናት፣ ወደ ቴክኒካል ዳይቪንግ ለሚሻገሩ

ዴቪድ ሾ የተባለ የ50 ዓመት አውስትራሊያዊ ጠላቂ በደቡብ አፍሪካ ቡስማንስጋት በሚባል ውሃ የሞላው ዋሻ ወለል ላይ፣ 270 ሜትር ገደማ ጥልቀት ውስጥ እያለ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2005 ሕይወቱ አለፈ። በራሱ ላይ ባደረገው ቆብ የተገጠመ ካሜራ ምስሉንም ድምፁንም ቀርጾ አስቀርቷል። በዳይቪንግ የሚደርስ ሞት አብዛኛውን ጊዜ ምስክር የለውም፤ መርማሪ የሚያገኘው ሲሊንደርና የኮምፒውተር መዝገብ ነው። እዚህ ግን የሰውየውን ትንፋሽ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፤ ሐኪሞችም ቆጥረውታል። መጀመሪያ ረጋ ያለ፣ ቀጥሎ ፈጠን ያለ፣ በመጨረሻ አጭርና ከላይ ከላይ የሆነ ቁና ቁና መተንፈስ፤ ከዚያ ዝም አለ።

የዳይቪንግ ሕክምና ሊቁ ሳይመን ሚቼልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ትንታኔ ሾን የገደለው ከሰውነቱ መውጣት ያቃተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚተነፍሰው ጋዝ ነበረው፤ ሳንባው ግን ያንን ጋዝ ማመላለስ ተሳነው።

18 ወይም 30 ሜትር ለሚጠልቅ ሰው ይህ የሌላ ዓለም ወሬ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሾን የገደለው ነገር 40 ሜትር ላይ አየር በሚተነፍስ ሰው ሳንባ ውስጥም አለ፤ የሚለየው መጠኑ ነው። ስለ ቴክኒካል ዳይቪንግ ሲወራ የናይትሮጅን ስካር (ናይትሮጅን በጥልቀት የሚያመጣው ድንዛዜ) እና ዲኮምፕሬሽን (በግፊት ሰውነት ውስጥ የሟሟው ጋዝ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ወደ ላይ ሲመለሱ እየቆሙ መጠበቅ) ይነሳሉ፣ ትንፋሽ ወደ ጎን ይባላል። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ግን እሱን ነው ብለን እናምናለን፤ ይህን ጉዳይ የመረጥነውም ለዚህ ነው።

ጣሪያ ያለው ውሃ

የመዝናኛ ዳይቪንግ አንድ ትልቅ ዋስትና አለው፦ ችግር ሲመጣ ቀጥ ብሎ፣ በልክ ፍጥነት፣ ወደ ላይ መውጣት ይቻላል። የ40 ሜትር ወሰን፣ ግዴታ የሆነ ዲኮምፕሬሽን አለመኖሩ፣ ዋሻ ውስጥ ዘልቆ አለመግባት፣ ሁሉም ይህን ዋስትና ለመጠበቅ የተሠሩ ደንቦች ናቸው። ቴክኒካል ዳይቪንግ የሚጀምረው ዋስትናው ሲያበቃ ነው። ከጠላቂው በላይ ጣሪያ አለ። ጣሪያው የዋሻ ድንጋይ ወይም የሰመጠ መርከብ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ወይም በዓይን የማይታይ፣ በኮምፒውተር ላይ ብቻ «6 ሜትር፣ 14 ደቂቃ» ተብሎ የሚነበብ ጣሪያ ይሆናል። ያንን ጥሶ የወጣ ሰው ደሙና ነርቩ ውስጥ አረፋ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ችግር የሚፈታው እዚያው፣ ችግሩ የተፈጠረበት ጥልቀት ላይ ነው። የሚጨመረው መሣሪያ ሁሉ፣ ሁለተኛው ሲሊንደር፣ ሁለተኛው ሬጉሌተር (ጋዙን ከሲሊንደር ወደ አፍ የሚያደርሰው)፣ ሁለተኛው ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው መቁረጫ፣ ከዚህ አንድ ነገር የመነጨ ነው።

ቡስማንስጋት ሁለቱም ጣሪያ አለው። በኖርዘርን ኬፕ ግዛት፣ ዳኒየልስካይል ከተማ አጠገብ ይገኛል። ላዩን ሲያዩት ትንሽ ኩሬ ነው፤ በጠባብ መግቢያ ትንሽ ከወረዱ በኋላ ግን ግድግዳው ከዓይን ይጠፋና ጠላቂው መብራት የማይሞላው ግዙፍ አዳራሽ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኑኖ ጎሜዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 እዚህ ዋሻ ውስጥ ከ282 ሜትር በላይ ወርዷል።

ሌላም ነገር አለ፤ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 0.84 ባር አካባቢ ነው (በባሕር ወለል 1 ባር ያህል ነው)፤ ከውሃው ሲወጡ የሚጠብቀው ግፊት ከባሕር ዳርቻው ያነሰ በመሆኑ ዲኮምፕሬሽኑ ይረዝማል። ለባሕር የተሠራ ሠንጠረዥ እንዳለ አይሠራም። ለእኛ ሰው ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የሻላ ሐይቅ ከፍታው ከቡስማንስጋት ጋር ይቀራረባል፣ ጥልቅ ቦታውም 266 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለመጥለቅ የሚያስብ ሰው፣ 20 ሜትርም ቢሆን፣ ኮምፒውተሩ ከፍታን በራሱ የሚያነብ መሆኑን ወይም በእጅ የሚስተካከል መሆኑን ከመግባቱ በፊት ማወቅ አለበት።

ዕቅዱ

ዲዮን ድራየር የተባለ የ20 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1994 እዚሁ ዋሻ ውስጥ ሞቶ አስከሬኑ ሳይገኝ ቀርቶ ነበር። ሾ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2004፣ ወለሉ ላይ አገኘው። ሊያነሳው ሞከረ፤ ጭቃው ይዞ አልለቅ አለ። ተመልሶ ለመምጣት እንዲመቸው መምሪያ ገመድ አስሮበት ወጣ። ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሮም አስከሬኑን ለማውጣት ተዘጋጀ።

የጃንዋሪው ዕቅድ እንዲህ ነበር። ሾ በአቀባዊ የተዘረጋውን ገመድ ተከትሎ ብቻውን በ11 እና በ12 ደቂቃ መካከል ወለሉ ላይ ይደርሳል። እዚያ የሚቆየው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ከረጢት ለአስከሬኑ ያለብሳል፣ አስከሬኑን የያዙትን የሲሊንደር ማሰሪያዎች በመቀስ ይቆርጣል፣ ከረጢቱን ከገመዱ ጋር ያያይዛል። የቅርብ ጓደኛው ዶን ሸርሊ 220 ሜትር ላይ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በላይ ደጋፊ ጠላቂዎች በየጥልቀቱ ተደርድረው አንዱ ለአንዱ ያቀብላሉ። ለእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ሾ የሚከፍለው ዲኮምፕሬሽን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ነው።

ለምን ሪብሪዘር እንደተጠቀሙ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ተራ ሬጉሌተር የተነፈሱትን ሁሉ ወደ ውሃው ይለቃል። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በ27 ባር ግፊት ውስጥ 540 ሊትር ይጨርሳል፤ በ200 ባር የተሞላ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር ይይዛል፣ ያ ደግሞ ከአራት ደቂቃ ተኩል አያልፍም። ሪብሪዘር የተነፈሱትን ጋዝ መልሶ ያዞረዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሶዳ ላይም የተባለ ጥራጥሬ መሰል ኬሚካል ይውጠዋል፤ አካል ያቃጠለውን ኦክስጅን፣ በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ፣ መሣሪያው ይተካል። ኪሳራው ግን ይህ ነው፦ ሬጉሌተር ጋዙን በግፊት ወደ አፍ ይገፋል፤ በሪብሪዘር ውስጥ ጋዙን በቱቦው፣ በኬሚካሉ መሐልና በመተንፈሻ ከረጢቶቹ የሚያዞረው የጠላቂው ደረት ራሱ ነው። ሌላ ሞተር የለውም።

ወለሉ ላይ

ሾ በታቀደው ጊዜ ደረሰ። አስከሬኑን አገኘ፤ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ያልተጠበቀው መጣ። ጭቃው ይዞት የነበረው አስከሬን ተላቀቀና ተንሳፈፈ። ሾ ከአጥንት የቀረ ነገር ያለ አልመሰለውም ነበር፤ የራስ ቅሉና እጆቹ እንደዚያ ይታዩ ነበርና። በልብሱ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሳሙና መሰል ስብ ተለውጦ ነበር፤ ያ ደግሞ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ዕቅዱ በሙሉ የቆመው «አስከሬኑ አንድ ቦታ ተኝቶ ይቆያል» በሚል ግምት ላይ ነበር። አሁን የሚንቀሳቀስና የሚዞር ነገር ላይ ከረጢት ማልበስ ሆነ።

ሁለተኛው ነገር መብራቱ ነው። የዋሻ ጠላቂ ዋና መብራት ከወገብ ባትሪ ጋር በረጅም ሽቦ የተያያዘ ነው። ሁለቱንም እጆች የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ጠላቂው ሽቦውን በአንገቱ ዙሪያ ያደርግና የመብራቱ ራስ ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። ሾም ልማዱ ይህ ነበር። በዚያን ቀን ግን ራሱ ላይ ያለው ካሜራ አላስቻለውም፤ መብራቱን አጠገቡ ወለሉ ላይ አሳረፈው። የላላው ገመድ ሄዶ ከመብራቱ ጋር ተጠላለፈ። ለመሄድ ሲነሳ ተይዞ ቀረ።

በቪዲዮው ላይ መቀሱ በእጁ ይታያል። ገመዱ አለ፤ መቀሱ አለ። አንድ ጊዜ መቁረጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ይህን በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው «ለምን አልቆረጠውም?» ይላል። መልሱ ትንፋሹ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ደሙ ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ አደንዛዥ ነው። የሚተነፍሰው ድብልቅ 4 በመቶ ኦክስጅን፣ 82 በመቶ ሂሊየምና 14 በመቶ ናይትሮጅን ነበር፤ ናይትሮጅኑ በዚያ ግፊት ብቻውን አየር ይዞ 37 ሜትር ገደማ የወረደ ሰው የሚሰማውን ያህል ስካር ይሰጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ሰው እጁ ላይ ያለውን ነገር ያያል፣ የሚያደርግበትን ግን አያስብም። ጠለቃው ከተጀመረ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ትንፋሹ ቆመ።

ጉልበት የማይፈታው ነገር

አየር ክብደት አለው። ላይ አንድ ሊትር አየር 1.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ አንድ ሊትሩ 5.2 ግራም ይሆናል፤ 40 ሜትር ላይ 6.5 ግራም። ሳንባ የሚስበው መጠን አልተለወጠም፤ የሚጎትተው ግን ወፍሯል። ዛሬ ቴክኒካል ጠላቂዎች የሚጠቀሙበት ልክ የመጣው ከተመራማሪው ጋቪን አንቶኒና ከዚሁ ከሚቼል ሥራ ነው፦ የጋዝ እፍግታ (የአንድ ሊትሩ ክብደት) ቢቻል ከ5.2 ግራም በሊትር አይለፍ፣ ቢበዛ ቢበዛ ከ6.2 አይለፍ። እነዚህን ቁጥሮች ወደ አየር ሲመልሷቸው 31 እና 39 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። የመዝናኛ ዳይቪንግ የ30 እና የ40 ሜትር ወሰኖች ከዚህ ጋር እንዲህ መግጠማቸው ልብ ሊባል ይገባል።

የሾ ድብልቅ፣ 82 በመቶው እጅግ ቀላሉ ሂሊየም ሆኖም፣ በዚያ ጥልቀት በሊትር 10 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር።

ጋዝ ሲወፍር የሚሆነው እንዲህ ነው። ወደ ውስጥ ሲስቡ ጡንቻ በጨመረ ቁጥር ጋዝ ይጨምራል፤ ወደ ውጭ ሲያስወጡ ግን ወሰን አለ። ደረት አጥብቆ ሲገፋ በሳንባ ውስጥ ያሉትን ለስላሳ ቧንቧዎችም አብሮ ይጨፈልቃቸዋል። ለስላሳ የውሃ ጎማ በእጅ ጨብጠው እንደማጥበብ ነው፤ ግፊቱ ቢጨምርም የሚወጣው አይጨምርም። ከዚያ ወሰን በላይ የሚደረግ መግፋት ሁሉ ጋዝ አያስወጣም፣ የደረት ጡንቻን ያደክማል እንጂ። የሚደክም ጡንቻ ደግሞ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል። አእምሮ «አልወጣም፣ ቶሎ ቶሎ ተንፍስ» ይላል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ግን አጭር ይሆናል። አጭር ትንፋሽ በጉሮሮና በአፍ ቱቦ ውስጥ ያለውን አሮጌ ጋዝ ከማመላለስ አያልፍም። ስለዚህ ይበልጥ በተነፈሰ ቁጥር ይበልጥ ይታፈናል። ክቡ እንዲህ ይዘጋል፤ ሥራውን ካላቆሙና ወደ ላይ ካልወጡ በቀር የሚከፍተው የለም። ሾ ሁለቱንም ማድረግ አልቻለም።

ይህ ነገር 35 ሜትር ላይ እንዴት ይታያል? ከውሃ ፍሰት ጋር የሚታገል፣ ካሜራ የሚገፋ ወይም መልሕቅ ለማላቀቅ የሚጎትት ጠላቂ ቀስ እያለ ሬጉሌተሩ «የማይሰጥ» ይመስለዋል። ግፊት መለኪያውን ያያል፤ 120 ባር አለ። ቢሆንም አየር ያጠረው ይመስለዋል። ራሱን ያመዋል፣ ያለ ምክንያት ፍርሃት ይይዘዋል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ሬጉሌተራቸው ተበላሸ ብለው ወደ ላይ ይሮጣሉ። ትክክለኛው እርምጃ ሌላ ነው፦ እንቅስቃሴውን በሙሉ ማቆም፣ የሚያዝ ነገር ካለ መያዝ፣ ለጓደኛ ምልክት መስጠት፣ ከዚያ አጥብቆ ሳይሆን ቀስ ብሎና እስከ መጨረሻው ማስወጣት። አንድ ደቂቃ ያህል። ጋብ ካለ በኋላ ጥቂት ሜትሮች ወደ ላይ ከፍ ማለት እፍግታውንም ወዲያው ይቀንሳል። የዚያን ቀን ዳይቭ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተጠራቀመ በኋላ የኦክስጅን መመረዝም ስካርም በቀላሉ ይመጣሉና።

በሪብሪዘር ላይ አንድ ክፉ ነገር ይጨመራል። ወደ መጠባበቂያ ሲሊንደር ለመዞር የአፍ መያዣውን አውጥቶ ሌላ መጉረስ ያስፈልጋል፤ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ለሁለት ሴኮንድ እንኳ ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ብዙዎች ዛሬ አፍ ሳይለቁ በአንድ ማዞሪያ ወደ መጠባበቂያ ጋዝ የሚያዞር መያዣ የሚገጥሙት ለዚህ ነው።

ሸርሊ

ሸርሊ በተያዘለት ሰዓት ወርዶ ወደ ታች ሲያይ የሾን መብራት አየ፤ አይንቀሳቀስም። ከቀጠሮው ጥልቀት አልፎ ወደ ጓደኛው ወረደ። ወደ 250 ሜትር ሲቃረብ የሪብሪዘሩ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በግፊቱ ተሰነጠቀና ሥራ አቆመ። ከዚያ በኋላ ኦክስጅኑን በእጅ እየመጠነ መተንፈስ ነበረበት። ከታች 20 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጓደኛው አለ፤ ተመልሶ ወጣ። ይህን ውሳኔ ማንም ሰው በቀላሉ አይወስደውም፤ ባይወስደው ግን የሟቾቹ ቁጥር ሁለት ይሆን ነበር።

መከራው አላበቃም። ወደ ላይ ሲመለስ፣ 46 ሜትር ገደማ ላይ፣ በውስጠኛው ጆሮው አረፋ ተፈጠረ። ሚዛንን የሚጠብቀው ክፍል ሲመታ ዋሻው በሙሉ ይሽከረከራል፤ ላይና ታች አይለይም። ገመዱን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ያስታውክ ነበር፤ ደጋፊ ጠላቂዎች እየተፈራረቁ ሲሊንደር ሲያመጡለት፣ አጠገቡ ሲቆዩ፣ ከ12 ሰዓት በላይ በውሃ ውስጥ ቆይቶ ወጣ። ከዚያ ወደ ግፊት ክፍል ተወሰደ። ተረፈ፤ ሚዛኑ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ያተረፈው አንድ ነገር ከተባለ ከራሱ ጽናት ቀጥሎ ያ ተደርድሮ የሚጠብቅ ቡድን ነው። የቀጠሮ ጥልቀትና ሰዓት ለእያንዳንዱ ተሰጥቶ ስለነበር ሸርሊ ያለ ጋዝ የቀረበት ጊዜ አልነበረም።

ከዚህ ወደ መጀመሪያው ኮርስ

ማንም ሰው በ270 ሜትር አይጀምርም። የተለመደው የመግቢያ መንገድ ዕድሜው 18 የሞላ፣ የናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከአየር የበዛ ድብልቅ) ብቃት ያለውና ቢያንስ 30 ያህል ዳይቭ የመዘገበ ሰው እስከ 40 ሜትር፣ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ዲኮምፕሬሽን፣ አንድ ተጨማሪ ሲሊንደር ይዞ የሚማርበት ነው። ቀጥሎ 45 ወይም 50 ሜትር፣ ከዚያ ሂሊየም ያለበት ትራይሚክስ እስከ 60 ሜትር ይመጣል። 30 ዳይቭ በወረቀት ላይ ይበቃል፤ በእኛ ግምት ግን በውሃ መሐል ከግማሽ ሜትር ሳይዛነፍ ለአምስት ደቂቃ ጠፍጣፋ ሆኖ መቆም የማይችል ሰው መቶም ቢሞላው ገና ነው።

ከቡስማንስጋት ወደዚህ ደረጃ የሚወርደው የመጀመሪያው ነገር ስሌት ነው። 45 ሜትር ላይ ግፊቱ 5.5 ባር ነው። አየር ቢሆን እፍግታው 7.1 ግራም ይሆናል፤ ከልክ ያለፈ ነው። 21 በመቶ ኦክስጅንና 35 በመቶ ሂሊየም ያለው ድብልቅ ላይ በሊትር 0.91 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ 45 ሜትር ላይ 5 ግራም ላይ ይቆማል። ሂሊየም ውድ ነው፤ ብዙዎች የሚተዉትም ለዚህ ነው። የሚገዛው ግን ከስካር መዳን ብቻ ሳይሆን መተንፈስ መቻል መሆኑን ያወቀ ሰው ዋጋውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሁለተኛው ስሌት የመመለሻ ጋዝ ነው። ሁለት ጠላቂዎች 45 ሜትር ላይ ናቸው፤ አንዱ ጋዝ አጣ። የተጨነቀ ሰው በደቂቃ 30 ሊትር ይተነፍሳል ብለን ስንይዝ ለሁለቱ 60 ሊትር ነው። ችግሩን ለመፍታት ሁለት ደቂቃ፦ 60 ሲባዛ በ5.5 ሲባዛ በ2፣ 660 ሊትር። ወደ 21 ሜትር ለመውጣት ሦስት ደቂቃ፣ አማካይ ግፊቱ 4.3 ባር፦ 774 ሊትር። 21 ሜትር ላይ ጋዝ ለመቀየር (ለዲኮምፕሬሽን ኦክስጅኑ ወደ በዛ ሲሊንደር ለመዞር) አንድ ደቂቃ፦ 186 ሊትር። በጠቅላላው 1,620 ሊትር። ጥንድ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር ያለው ሰው ይህን በ24 ሲያካፍል 67.5 ያገኛል፣ 70 ባር ብሎ ይይዛል። መለኪያው 70 ሲል ቡድኑ ይወጣል፤ ድርድር የለም። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ሰው ግን 135 ባር ማስቀረት ነበረበት፤ ያ ከግማሽ በላይ ነው። ጥንድ ሲሊንደር የሚያስፈልግበት ምክንያት ከዚህ በላይ ማስረዳት አይፈልግም።

ጥንዱ ሲሊንደር በመሐል በሚዘጋ ቫልቭ ይገናኛል። በቀኝ በኩል ካለው ሬጉሌተር 2 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጎማ ይወጣል፤ ጠላቂው የሚተነፍሰው ከእሱ ነው፣ ሌላው ሰው ሲቸገር የሚሰጠውም እሱኑ ነው። ከግራው የሚመጣው አጭር ጎማ በላስቲክ ማሰሪያ አገጭ ሥር ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። መቁረጫ ሁለት፣ አንዱ ለቀኝ ሌላው ለግራ እጅ በሚደርስ ቦታ። የመብራት ሽቦ፣ የሚንጠለጠል መለኪያ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ማንኛውም ከሰውነት የራቀ ነገር ገመድ ይፈልጋል፤ ይጠብቃል ማለት ይቻላል። አዲስ ዕቃ፣ ካሜራም ቢሆን፣ ሲጨመር መጠየቅ ያለበት «ይህ የትኛውን ልማዴን ያስቀይረኛል?» ተብሎ ነው። በሾ ላይ የቀየረው ሽቦ በአንገት ማድረግን ነበር፤ ትንሽ ነገር። ስለዚህ አዲስ ዕቃ 10 ሜትር ላይ፣ ሥራው ሳይኖር፣ ደጋግሞ ይለመዳል።

በጀማሪ የቴክኒካል ተማሪዎች ላይ በጣም የሚያስፈራን ግን የጋዝ ቅያሬ ነው። 50 በመቶ ኦክስጅን ያለው ሲሊንደር ከ21 ሜትር በታች አይተነፈስም፤ ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች አይተነፈስም። 45 ሜትር ላይ ተሳስቶ 50 በመቶውን የጎረሰ ሰው የኦክስጅን ከፊል ግፊቱ (ከጠቅላላው ግፊት የኦክስጅኑ ድርሻ) 2.75 ባር ይሆናል፤ የሚፈቀደው ጣራ 1.6 ነው። ውጤቱ መንፈራገጥና መስጠም ነው። ስለዚህ 21 ሜትር ላይ ሲደረስ መጀመሪያ ጥልቀቱ ተረጋግቶ ይያዛል። ጠላቂው ሲሊንደሩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «21» ያነብና ለጓደኛው ያሳያል። ቫልቩን ይከፍታል፣ ጎማውን ከቫልቩ ጀምሮ እስከ አፍ መያዣው ድረስ በጣቱ ይከተላል፤ ሁለት ሲሊንደር በጎኑ የያዘ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ጓደኛው ጥልቀቱን፣ ጽሑፉንና ጎማውን አይቶ እሺ ካለ በኋላ ብቻ ይጎርሳል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነፈሰ መለኪያው መንቀሳቀሱን ያያል፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ይቀይራል። ኮምፒውተሩን አስቀድሞ መቀየር የተለመደ ስህተት ነው፤ ቅያሬው ባይሳካ ኮምፒውተሩ ያልተነፈሱትን ጋዝ ይቆጥራል።

ዕቅድ ላይም አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ የሾን ጉዳይ ባየን ቁጥር ወደዚህ እንመለሳለን። በወረቀቱ ላይ ከጥልቀቱና ከሰዓቱ ጎን «ይህ ዕቅድ የቆመው በምን ግምት ላይ ነው?» የሚል መስመር ይጻፍ። ገመዱ መርከቡ ላይ ታስሯል፤ የውሃው ፍሰት ደካማ ነው፤ የምናነሳው ዕቃ ከባድ ነው። ከእነዚህ አንዱ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ውሃ ውስጥ አዲስ ዕቅድ አይወጣም፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ይነሳና ሁሉም ይወጣል። ማንም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥ ዳይቩን ማቆም ይችላል የሚለው ደንብ ሥራ ላይ የሚውለው በትክክል በዚያች ደቂቃ ነው። አስከሬኑ ተነስቶ ሲንሳፈፍ ሾ መሄጃ ጊዜ ነበረው፤ ገመዱ መብራቱን ገና አልያዘም ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡድኑ በዋሻው ውስጥ የቀሩትን ገመዶችና ሲሊንደሮች ለማውጣት ወረደ። ገመዱ ወደ ላይ ሲሳብ ሁለቱ አስከሬኖች ከወለሉ ተነስተው አብረው ወደ ላይኛው ውሃ መጡ። ሾ ያሰረው ገመድ ድራየርን ይዞት ነበር፤ ያው ገመድ በሾ መብራት ላይ እንደተጠላለፈ ነበር።